ረጅሙ የዌልስ ስም ሁሉን ያስቃል፤ ስለ ቋንቋውስ ምን ትላላችሁ?

ማህሌት ከካርዲፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያ ረጅሙ የዌልስ ባቡር ጣቢያ ስም የሚጠራበት ቪዲዮ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ እንደገና እየዞረ ነው። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ሁሉም የሳቅ ምልክት ደርድሮበታል። «እናንተ ጋ ሰው በዚህ ቋንቋ እንዴት ይግባባል?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ህላንቫይርፑህልግዊንጊህልጎጌረኽዊርንድሮቡህልህላንተሲልዮጎጎጎኽ። በላቲን ፊደል ሲቆጠር 58 ነው። ዌልሾቹ ግን 51 ነው የሚሉት፤ በእነሱ የፊደል ገበታ ተጣምረው የሚጻፉ አንዳንድ ፊደላት እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ። ትርጉሙም በደምሳሳው «ነጭ የሃዘልነት ዛፍ ባለበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ከኃይለኛው አዙሪት አጠገብ ያለችው የማርያም ቤተክርስቲያን፣ ቀዩ ዋሻ ጋ ካለችው የቅዱስ ተሲልዮ ቤተክርስቲያን ጋር» እንደማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። ይህ ስም ጥንታዊ አይደለም። መንደሩ ድሮ ህላንቫይር ፑህልግዊንጊህል ነበር የሚባለው። እሱም ረዘም ይላል፣ ግን ሰው የሚጠራው ስም ነው። በ1860ዎቹ፣ ባቡሩ መንደሩን አቋርጦ ማለፍ ከጀመረ በኋላ፣ መንገደኛው ወርዶ እንዲጎበኝ ተብሎ ቀሪው ሆን ተብሎ ተቀጠለበት። ማስታወቂያ ነው። ሥራውንም ሠርቷል፤ እስከ ዛሬ ሰው በአውቶቡስ እየመጣ ሰሌዳው ሥር ፎቶ ይነሳል። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ህላንቫይርፑህል ብለው ያሳጥሩታል።

ቅር የሚለኝ፣ ለጎብኚ ተብሎ በተፈጠረ በአንድ ስም የተነሳ ቋንቋው በሙሉ መሳቂያ መሆኑ ነው። ልጄ የሚማረው እዚህ ነው። ዌልስ ውስጥ ዌልሽ እስከ 16 ዓመት ድረስ የግዴታ ትምህርት ነው። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ ከልጆች ጋር ሲጫወት በዌልሽ ይቆጥር ነበር። የሰማች የኛው ሰው «ምነው ማህሌት፣ ልጁን በማይረባ ቋንቋ ታደክሚዋለሽ?» አለችኝ። ልጁ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው ባለበት በዌልሽ አንድ ቃል አይተነፍስም። ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

እስቲ እናንተስ? በተለይ ዌልስ የምትኖሩ።

የሸገር ልጅ

ማህሌት፣ ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳሽው። እኔ ዌልስን የማውቃት በእግር ኳስ ነው። ብሔራዊ ቡድናቸው ራሱን በቋንቋቸው ስም ሲጠራ አይቼ ገርሞኝ ያውቃል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ያ በ2015 አንድ የቻናል 4 የአየር ጠባይ አቅራቢ ስሙን ሳይደናቀፍ በአንድ ትንፋሽ ሲጠራው የሚያሳየው ከሆነ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሰውየው ዌልሳዊ ነው አሉ። ጥያቄዬ ግን የምር ነው። አናባቢ የሌለውን ቃል እንዴት ነው የሚያነቡት? ሰሌዳው ላይ ሳየው ተነባቢ ብቻ የተደረደረ ነው የሚመስለው።

አስተርጓሚዋ

የሸገር ልጅ፣ እኔ ልመልስልህ። ስዋንሲ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም ማስተርጎም ነው። ለኛ ሰዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስተረጉማለሁ። ዌልሹን ማታ ማታ ነው የተማርኩት።

አናባቢ የሌለው የሚመስለው በእንግሊዝኛ ዓይን ለሚያነብ ሰው ነው። በዌልሽ «ደብልዩ» እና «ዋይ» አናባቢ ይሆናሉ። ደብልዩ ብዙ ጊዜ «ኡ» ነው። ስለዚህ ያ «ፑህል» የሚለው ክፍል አናባቢ አለው፣ አንተ ስላላወቅከው ነው። ደግሞ አጻጻፉና አነባበቡ ይስማማል። ሕጉን አንዴ ከያዝክ አይተኸው የማታውቀውን ቃል አፍህን ሞልተህ ታነባለህ። እንግሊዝኛ ላይ ይኼን አታገኝም።

የሚከብደው ሁለት «ኤል» ተጣምረው የሚሰጡት ድምፅ ነው። «ል» ልትል እንደሆነ ምላስህን ላንቃህ ላይ ለጥፈው። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ ትንፋሽህን በምላስህ ጎን ልቀቀው። በቃ እሱ ነው። በፊደላችን «ህል» ብለን መጻፋችን ለመቅረብ ያህል ነው።

ሌላው ለኛ ይቀላል። አገራቸውን «ከምሪ» ነው የሚሏት። የመጀመሪያዋ «ከ» ቁርጥ የኛ «ከ» ናት። የሰሜን ዌልስ ሰዎች ደግሞ የኛ «እ» አለቻቸው። አስተማሪያችን ያቺን ድምፅ ለሌሎቹ ተማሪዎች ለማስጨበጥ ብዙ ስትደክም እኔ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። «ኽ» ደግሞ ትግርኛ ለሚችል ሰው ምንም አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሙያዬ ጋር ስለሚሄድ። በ2008 እዚሁ ስዋንሲ አንድ የመንገድ ምልክት ተተከለ። እንግሊዝኛው «ለከባድ ተሽከርካሪ ማለፍ ክልክል ነው፤ የመኖሪያ ሰፈር ብቻ» ይላል። ከሥሩ በዌልሽ የተጻፈው ግን «በአሁኑ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የለሁም። የሚተረጎም ሥራ ካለ ላኩልኝ» የሚል ነበር። የምክር ቤቱ ሠራተኞች ጽሑፉን ለተርጓሚ በኢሜይል ልከው፣ የመጣላቸውን አውቶማቲክ መልስ ትርጉሙ መስሏቸው አሳተሙት። ዓለም ሁሉ ሳቀ።

እኔ ግን ያንን ምልክት ሳስብ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጽሑፉን የተቀበለው ሰው አላነበበውም። ቆርቆሮው ላይ ያተመው አላነበበውም። ምሰሶ ላይ ያሰረውም አላነበበውም። ቋንቋው በሕግ ሰሌዳው ላይ ቦታ አግኝቷል፤ ሰሌዳውን ከሚሠሩት መሐል ግን የሚያነበው አልነበረም።

የሊድሱ ሰው

እኔ በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቻችሁ የተለየ ሐሳብ ነው ያለኝ፣ በቅንነት ውሰዱልኝ። ማንም ቋንቋ ላይ መሳቅ ነውር ነው፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። በ2021 ቆጠራ ዌልሽ እችላለሁ ያለው ሰው ከሕዝቡ 17.8 በመቶ ነው፣ 538 ሺህ ገደማ። ከአሥር ዓመት በፊት 19 በመቶ ነበር። እየቀነሰ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል እንግሊዝኛ ይችላል። ታዲያ ሁሉን ሰሌዳ፣ ሁሉን ቅጽ፣ ሁሉን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ያ ገንዘብ ሆስፒታል ቢገባ አይሻልም?

ለኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቤት አማርኛ፣ ደጅ እንግሊዝኛ፣ ትምህርት ቤት ዌልሽ። ዌልስን ለቆ ለንደን ሲገባ ምን ያደርግለታል? ማህሌት፣ ሴትየዋ ልጁ ፊት መናገሯ ስህተት ነው። ጥያቄዋ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ጋሽ ታደሰ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። የሊድሱ ልጄ፣ ጥያቄህ የጨዋ ጥያቄ ነው። ግን «እየቀነሰ ነው» ስትል ማን እንደቀነሰው አብረን እንይ። ኒውፖርት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ከዌልሾች ጋር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ጡረታም የወጣሁት እዚሁ ነው።

በ1911 ቆጠራ 43.5 በመቶው ዌልሽ ይናገር ነበር። ቋንቋው ከፍርድ ቤትና ከመንግሥት ሥራ የተባረረው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው፣ በ1536 በወጣ ሕግ። ዌልሽ ብቻ የሚናገር ገበሬ በራሱ አገር ፍርድ ቤት ቆሞ የሚባለውን አይሰማም። በ1846 ደግሞ መንግሥት የትምህርቱን ሁኔታ እንዲያጠኑ ሦስት ሰዎች ከእንግሊዝ ላከ። ሦስቱም ዌልሽ አይችሉም። በ1847 የወጣው ዘገባቸው ሕዝቡን ሰነፍና ስድ ነው አለ፣ ቋንቋውንም የኋላቀርነቱ ምክንያት አደረገው። ዌልሾች እስከ ዛሬ ያንን ዘገባ «የሰማያዊ መጻሕፍቱ ክህደት» ነው የሚሉት፣ በሽፋኑ ቀለም።

በዚያው ክፍለ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ልማድ ነበር። በዌልሽ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ሁለት ፊደል የተቀረጸባት እንጨት ትንጠለጠልበታለች። ሌላ ልጅ በዌልሽ ሲናገር ከሰማ እንጨቷን ለእሱ ያሻግራል። ቀኑ ሲያልቅ እንጨቷ አንገቱ ላይ የተገኘው ይገረፋል። ልጅን በልጅ ማሰለል ነው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። አፉን የፈታው በዌልሽ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን በዌልሽ ያነብባል፤ መጽሐፉ ሙሉው በዌልሽ ከ1588 ጀምሮ አለ። ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍ ቢሉት ግን በእናቱ ቋንቋ አንድ መስመር መጻፍ አይሆንለትም ነበር። ማንም አላስተማረውም። ያ ሰው ቆጠራ ላይ ከየትኛው ወገን ይቆጠራል?

ስለ ቅጹና ስለ ገንዘቡም ልንገርህ። ህላንጌኔኽ የሚባል መንደር ውስጥ አይሊን እና ትሬቨር ቢዝሊ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። በ1952 የአካባቢ ግብር መክፈያ ወረቀቱ በዌልሽ ካልመጣልን አንከፍልም አሉ። አካባቢው ሁሉ ዌልሽ ተናጋሪ ነው። ምክር ቤቱ እንቢ አለ። ፍርድ ቤት ደጋግሞ ጠራቸው። የፍርድ አፈጻጸም ሰዎች እየመጡ የቤት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ፒያኖው ሳይቀር ሄደ። ልጆቻቸው ባዶ ሳሎን ውስጥ ነው ያደጉት። ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ የመጣላቸው በ1960 ነው፣ ከስምንት ዓመት በኋላ። አንተ ዛሬ ብክነት የምትለው ቅጽ በዚህ ዋጋ የመጣ ነው።

ሄለን ዘቦሌ

ጋሼ፣ ስለ እንጨቷ የጻፉበት መስመር ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ።

አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ ስሙን አልጠራም። ገመድ የገባባት ካርቶን ነበረች። በዕረፍት ሰዓት አማርኛ ያወራ ልጅ አንገቱ ላይ ትገባለች፣ እሱም ሌላ ልጅ እስኪይዝ ድረስ ይዟት ይዞራል። መጨረሻ ላይ የተገኘችበት ቅጣት አለው። እኛ አገር ቅኝ ገዢ የለም፣ ከእንግሊዝ የመጣ መርማሪ የለም። የራሳችን ሰዎች ናቸው ያደረጉት፣ ወላጆቻችንም ከፍለውበት።

ያ ካርቶን እንግሊዝኛ አስተምሮኝ ከሆነ አላውቅም፤ ያስተማሩኝ ጥሩ መምህራን ናቸው። ካርቶኑ ያስተማረኝ መንሾካሾክ ነው። አሁንም ቢሮ ውስጥ ስልክ ሲደወልልኝና እናቴ ስትሆን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ማህሌት፣ ልጅሽ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ በደንብ ይገባኛል።

የሊድሱ ሰው

ጋሽ ታደሰ፣ አክብሬ ነው ያነበብኩት። የባልና ሚስቱን ታሪክ አላውቅም ነበር። ሄለን፣ አይዞሽ። ነገር ግን ዛሬ ማንም አይገረፍም። ዛሬ የምናወራው ስለ ምርጫ ነው።

ሌላም ነገር ልናገር። ሥራ ልከውኝ ሰሜን ዌልስ ሄጄ ነበር። ካይርናርቮን አንድ ሱቅ ስገባ ሰዎቹ እኔን አይተው ወደ ዌልሽ ቀየሩ። እንግሊዝኛ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ጥቁር ሰው አይተው ነው ወይስ እንግዳ አይተው? ደስ አይልም። ይኼን ብዙ ሰው ነው የሚያወራው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ማህሌት ከካርዲፍ

ወንድሜ፣ ይኼን ብዙ ሰው እንደሚያወራው አውቃለሁ። እንግሊዞች ሁሉ ጋ አንድ ዓይነት ወሬ ነው፦ «መጠጥ ቤት ስንገባ ወደ ዌልሽ ቀየሩ»። ግን እስቲ አስበው። ካይርናርቮን ያለችው ግዊኔዝ ውስጥ ነው። እዚያ ከ60 በመቶ በላይ ሰው ዌልሽ ይናገራል፣ ካይርናርቮን ከተማው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሰዎቹ ጧት ሲነሱ በዌልሽ ነው፣ ዳቦ ሲገዙ በዌልሽ ነው፣ ሲጣሉም በዌልሽ ነው። አንተ በሩን ከመክፈትህ በፊትም በዌልሽ ነበር የሚያወሩት። አልቀየሩም።

ሊድስ ውስጥ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ስናወራ አንድ እንግሊዛዊ ቢገባ፣ እሱ ስለገባ ነው አማርኛ የጀመርነው?

ስለ ቆዳችን ያነሳኸው ሌላ ጉዳይ ነው፣ አላቃልለውም። በቆዳችን ምክንያት የሚደርስብን ነገር በእንግሊዝኛም በዌልሽም አለ። ግን ቋንቋው ራሱ በደል አይደለም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ በአጠቃላይ ቀንሷል፤ ካርዲፍ ውስጥ ግን በዚያው ቆጠራ ጨምሯል። ወላጆች ልጆቻቸውን በዌልሽ ወደሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እየላኩ ነው፤ ብዙዎቹ ወላጆች ራሳቸው ዌልሽ አይችሉም። የዌልስ መንግሥትም በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ እናደርሳለን ብሎ ዕቅድ ይዟል። ይድረሱ አይድረሱ እናያለን። ግን ሰው የሚሮጥለት ነገር የሞተ አይደለም።

ነታንያ ነኝ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው፣ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ዌልሶች ለአዋቂዎች ቋንቋቸውን የሚያስተምሩበትን ዘዴ የወሰዱት ከእኛ ኡልፓን ነው። በ1970ዎቹ ነው የጀመሩት። ስሙን እንኳን አልቀየሩትም፣ በእነሱ አጻጻፍ ጻፉት እንጂ። ኡልፓን ማለት ሰውን ጧት ማታ ሳይፋታ በሚማረው ቋንቋ ብቻ እያናገሩ ማስተማር ነው። እናቴ በ1991 ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዕብራይስጥ የተማረችው በዚያ ነው።

ግን ሙሉውን ልናገር፣ ምክንያቱም ኡልፓን ለኛ ሁለት ፊት አለው። ዕብራይስጥ ሰጠን፣ እሱ ባይኖር ሥራም ኑሮም የለም። በዚያው ልክ ደግሞ አማርኛ ቤት ውስጥ ተቀበረ። እኔ ከአያቴ ጋር የማወራው በተሰባበረ አማርኛ ነው። ይኼንን ጽሑፍ ራሱ ያረመልኝ ሰው አለ። እናቴ ደግሞ ስሟንም ነው ያጣችው። ሲመዘግባት የነበረው ሰው ስሟ ከበደውና በዕብራይስጥ ስም ተካላት። ቀና ብሎ እንኳን አልጠየቃትም። እስከ ዛሬ መታወቂያዋ ላይ ያለው ያ ነው። ቤት ውስጥ ማንም በእሱ ጠርቷት አያውቅም።

እና ማህሌት፣ ልጅሽን ዌልሽ አስተምሪው፣ ጥሩ ነው። አማርኛውን ግን አደራ። ዌልሾች ራሳቸው ይኼን ከማንም በላይ የሚረዱ ይመስለኛል።

የባህር ዳሩ

እኔ ወደ ስሞቹ ልመለስ። ያቺ «ህላን» የምትል ነገር በየቦታው አለች። ካርታውን ከፍቼ ሳየው ህላንዲድኖ፣ ህላንቤሪስ፣ ህላንጎህሌን እያለ ይቀጥላል። ማለትም ቤተክርስቲያን ያለበት ቦታ ነው፣ ከዚያ የቅዱሱ ስም ይከተላል። ከኛ ደብረ ማርቆስ ምን ይለየዋል? «አበር» ደግሞ ወንዝ የሚያበቃበት ነው። ቦታውን እያየህ የሚነገርህ ስም ነው፣ እንቆቅልሽ አይደለም።

ስም መቀየርን ካነሳን ደግሞ እኛም ዘንድ ናዝሬትና አዳማ አለ። ስሙ በንጉሡ ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ መጥቶ ተሰጠ፣ በኋላ በሕጋዊ መንገድ አዳማ ወደሚለው ተመለሰ። እዚህ ላይ ሁላችሁም ስሜት እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ክርክሩን ግን እዚህ አናምጣው። ዌልስ ምን እንዳደረገች ነው መስማት የምፈልገው።

ማህሌት ከካርዲፍ

አመሰግናለሁ የባህር ዳሩ። ይኼን ክር ስከፍት በሆዴ የነበረው ይኼ ነው።

ትልልቆቹ ስሞች እየተመለሱ ነው። ስኖውደን የሚባለውን ተራራ፣ የዌልስ ትልቁን ማለቴ ነው፣ የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር በኅዳር 2022 «ኧር ዊዝቫ» ብሎ ለመጥራት ወሰነ። ፓርኩን ራሱን ደግሞ «ኤረሪ» አለው። በሚያዝያ 2023 ብሬከን ቢከንስ ይባል የነበረው ፓርክ «ባናይ ብረኸይንዮግ» ሆነ። ያኔ የተነሳው ጩኸት! «ማን ይጠራዋል?» «ጎብኚ ይሸሻል»። እነዚህ ስሞች እኮ አዲስ አይደሉም። ሰዎቹ ድሮም ሲጠሩባቸው የኖሩት ስሞች ናቸው። ደግሞ ቁጣው ከየት እንደመጣ ሳይ ይገርመኛል፤ ለጎብኚ የተቀጠለውን 58 ፊደል ሸሚዝ ላይ አሳትሞ የሚገዛ ሰው ሁለት ቃል ያለውን እውነተኛ ስም መጥራት አቃተኝ ይላል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስቡኝ ግን ትንንሾቹ ናቸው። የእርሻ ቤቶች፣ ጎጆዎች፣ ሜዳዎች፣ ምንጮች። ዌልስ ገጠር ውስጥ ቤት ቁጥር ሳይሆን ስም ነው ያለው። ስሙም ታሪክ ነው። የወፍጮው ቤት፣ ጅረቱ ማዶ ያለው፣ የእንዲህ ዓይነት ዛፍ ጉብታ። ከሩቅ የመጣ ሰው ለዕረፍት ቤት ብሎ ይገዛውና ሰሌዳውን ነቅሎ በእንግሊዝኛ ባህር የሚያሳይ ምናምን ብሎ ይለጥፍበታል። በሚቀጥለው ትውልድ ያ ቦታ ወፍጮ እንደነበረው የሚያስታውስ የለም። በ2016 በወጣ ሕግ ዌልስ ታሪካዊ የቦታ ስሞችን በመዝገብ ትይዛለች፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ጥሩ ነው። መዝገቡ ግን ስሙን ይይዛል እንጂ ባለቤቱ እንዳይቀይር አይከለክልም።

አንድ ቀን በምዕራብ ዌልስ በኩል ስናልፍ አንድ ቤት በር ላይ አዲስ ሰሌዳ አየሁ፣ የሚያብረቀርቅ። ከሥሩ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የድሮው ስም በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲሚንቶው በደንብ አልተለሰነም ነበር፣ ሁለት ሦስት ፊደል ይታያል። ልጄ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሊያነበው ሞከረ።

ጋሽ ታደሰ

ማህሌት ልጄ፣ ስሙ ብቻ ሳይሆን መንደሩም የጠፋበት አለ። ሊቨርፑል ውኃ ያስፈልጋታል ተብሎ በሰሜን ዌልስ የትረዌሪን ሸለቆ በ1965 ግድብ ሆነ። ካፔል ኬሊን የሚባለው መንደር ከነትምህርት ቤቱ፣ ከነጸሎት ቤቱ፣ ከነመቃብሩ ውኃ ውስጥ ገባ። ዌልሽ ብቻ የሚነገርበት መንደር ነበር። ሕጉ በ1957 ለንደን ሲጸድቅ ከዌልስ የተመረጡት የፓርላማ አባላት አንድም እንኳን አልደገፈውም። ድምፃቸው አላቆመውም።

በዚያው ዘመን አበሪስትዊዝ አጠገብ አንድ የፈረሰ ግድግዳ ላይ «ኮቪውኽ ድረዌሪን» ተብሎ ተጻፈ፤ ትረዌሪንን አስታውሱ ማለት ነው። ግድግዳውን ሰው ደጋግሞ ያበላሸዋል፣ ሰው ደጋግሞ ያድሰዋል። የሊቨርፑል ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው።

የሊድሱ ልጄ፣ ምርጫ ነው ያልከውን በዚህ መዝነው።

የሊድሱ ሰው

ጋሼ፣ የመንደሩ ነገር ከባድ ነው። የቤት ስም በሲሚንቶ መለሰኑም ያሳዝናል፣ ይኼን ማንም ሊከላከለው አይችልም።

ስለ ገንዘቡ ያለኝ ጥያቄ ግን አሁንም አለ። የሚያነበው በሌለበት አካባቢ ሁለት ቋንቋ ያለው ደብዳቤ ማተም ማንን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ቁጥሩ ቢነገረኝ እሰማለሁ። የሰሌዳዎቹን ነገር ግን ትቻለሁ። የቦታ ስም በቦታው ቋንቋ መጻፍ አለበት።

አዲስ ገቢ

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞች፣ ጋሼ። ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ጥገኝነት ጠይቄ ነው ያለሁት፣ ሬክሳም ነው የመደቡኝ። የእንግሊዝኛ ክፍል ወረፋ ጠብቅ ተብያለሁ። ቀኑን ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። አንድ ሰው የዌልሽ ትምህርት በነፃ አለ አለኝ። እውነት ነው? እንግሊዝኛዬን ያደናግርብኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራስ ይጠቅማል?

አስተርጓሚዋ

እንኳን ደህና መጣህ። አዎ፣ እውነት ነው። ለአዋቂዎች ዌልሽ የሚያስተምር ብሔራዊ ማዕከል አለ። ለስደተኞችና ጥገኝነት ለጠየቁ ሰዎች ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ከሆንክ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለማንም በነፃ ነው። ኢንተርኔት ላይም አለ፣ ስልክ ካለህ ይበቃል።

አያደናግርህም፣ ግን እንግሊዝኛውን አትተው። ወረፋው ሲደርስህ ግባ። ዌልሹ ሰው ያገናኝሃል፣ ያ አሁን ላንተ ትልቅ ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ከዜሮ የሚጀምር ነው፣ እንግሊዞቹም ጭምር። አንተ ከማንም አታንስም። ሥራን በተመለከተ፣ ፈቃድ ስታገኝ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በምክር ቤት ሥራ ትንሽ ዌልሽ ያለው ሰው ይፈለጋል። ሬክሳም ድንበር ላይ ስለሆነች ከተማው ውስጥ ብዙ አትሰማው ይሆናል፤ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ግን ይበዛል።

ዕድሜህንና ያለህበትን ሰፈር በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቄ እነግርሃለሁ። እስከዚያው «ቦሬ ዳ» በል፣ ደህና አደርክ ነው። «ዲኦልኽ» አመሰግናለሁ ነው። ጎረቤትህ ላይ ጀምር።

አዲስ ገቢ

ዲኦልኽ እህቴ። 23 ዓመቴ ነው። አሁን እጽፍልሻለሁ።